በሽታው ለምን ከለጋው ይጀምራል? የአራት ወር የቫይረስ ትምህርቴ

ስለ ዕፅዋት ቫይረሶች መማር ከጀመርኩ አራት ወር ሞላኝ። መነሻዬ መጽሐፍ አልነበረም። እዚህ ኮምቦልቻ ጎረቤቴ የሆኑት እማማ በጓሯቸው የበቀለ ቲማቲም እያሳዩኝ፣ «ልጄ፣ ይህ በሽታ ሁልጊዜ የሚጀምረው ከአናቱ ነው። የታችኛው ቅጠል ደህና ሆኖ ለጋው ይጨማደዳል። ለምን ይሆን?» ብለው ጠየቁኝ። መልስ አልነበረኝም። በሽታ ከገባበት ቅጠል ተነስቶ፣ ጨርቅ ላይ እንደፈሰሰ ቀለም፣ ወደ አጠገቡ እየሰፋ የሚሄድ ይመስለኝ ነበር።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ያለቁት ቫይረስ እንዴት እንደሚባዛ ለመረዳት ነው። የመረጥኩት የትንባሆ ሞዛይክ ቫይረስን ነው፤ ከሁሉ አስቀድሞ የተጠና ነውና። 300 ናኖሜትር የሚረዝም፣ 18 ናኖሜትር የሚወፍር በትር ነው። 2,130 ያህል አንድ ዓይነት ፕሮቲኖች የቫይረሱን የዘር መረጃ በያዘ አንድ የአር ኤን ኤ ክር ላይ ተደርድረው ሽፋን ሆነውታል። ክሩ ያለው 6,400 ገደማ ፊደል (መረጃው የሚጻፍባቸው ኬሚካላዊ ክፍሎች) ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1956 ተመራማሪዎች ሽፋኑን ገፈው ክሩን ብቻ ቅጠል ላይ ሲቀቡት ተክሉ ታመመ። ትእዛዙ ያለው በክሩ ውስጥ ነው ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ግራ አጋባኝ። ቫይረሱ አር ኤን ኤን ከአር ኤን ኤ የሚገለብጥ የራሱ ኢንዛይም ያስፈልገዋል፤ ነገር ግን ወደ ሕዋሱ ሲገባ ይዞት አይመጣም። ታዲያ በምን ይባዛል? መልሱ ክሩ ራሱ የሚነበብ መሆኑ ነው። የተክሉ ራይቦዞም፣ ማለትም የሕዋሱ ፕሮቲን ሠሪ፣ ክሩን እንደ ራሱ መልእክት ቆጥሮ ያነበዋል፤ እያነበበም ሽፋኑን ይገፍለታል። ከንባቡ የመጀመሪያ ውጤቶች አንዱ ያ ገልባጭ ኢንዛይም ነው።

ቀጣዩን ደረጃ የገለጠልኝ የአባቴ ፎቶ ቤት ነው። ደሴ ፒያሳ በነበረችው ጠባብ ጨለማ ክፍል ውስጥ፣ ቀይ አምፖል በርቶ፣ ነጭ ወረቀት ፈሳሹ ውስጥ ሲነከርና የሙሽራ ፊት ቀስ እያለ ሲወጣ አይ ነበር። ከአንድ ኔጋቲቭ አባቴ የፈለገውን ያህል ፎቶ ያትማል። ቫይረሱም እንዲሁ ያደርጋል። ከገባው ክር ተቃራኒውን፣ ሳይንሱም ኔጋቲቭ የሚለውን ክር ይሠራል፤ ከዚያ ጥቂት ኔጋቲቭ ላይ እጅግ ብዙ ፖዘቲቭ ያትማል። ጨለማ ክፍልም አለው። ሥራው የሚካሄደው በሕዋሱ ውስጣዊ ሽፋኖች ላይ በሚፈጠሩ የተከለሉ ስፍራዎች ነው። ይህም ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሁለቱ ክሮች ሲጣመሩ ተክሉ ድርብ አር ኤን ኤን ለይቶ 21 ወይም 22 ፊደል ያላቸው ቁርጥራጮች አድርጎ ይከትፈዋል። ከዚያ ቁርጥራጮቹን እንደ ናሙና ይዞ ተመሳሳዩን እያደነ ያጠፋል። ቅጠል ያለ ደም፣ ያለ ነጭ የደም ሕዋስ እንዲህ ራሱን መከላከሉ እስካሁን ይደንቀኛል። ብዙ ቫይረሶችም ይህን መከላከያ የሚያዳክም ፕሮቲን አላቸው።

ከዚያ ወደ እማማ ጥያቄ ተመለስኩ። ከገራዶ ስድስት ጤነኛ የቲማቲም ችግኞች አስመጥቼ በየባልዲው ተከልኩ። የታመመውን ቅጠል ከጥቂት ውሃ ጋር ወቅጬ፣ በነጠላ ያጠለልኩትን ደቃቅ የቦርከና ወንዝ አሸዋ ጨመርኩበት። አሸዋው ቅጠሉን ሳይገድል በጥቂቱ ይጭረዋል፤ ቫይረሱ የተክልን ሕዋስ ግድግዳ በራሱ መብሳት ስለማይችል ቁስል ያስፈልገዋል። በሦስቱ ችግኞች ላይ ከታች ሁለተኛውን ቅጠል ብቻ በጣቴ ቀስ ብዬ አሸሁ፤ በሦስቱ ቀሪዎች ላይ ደግሞ የጤነኛ ቅጠል ጭማቂ በዚያው አሸዋ። ለየብቻ አራርቄ አስቀመጥኳቸው፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ስሄድ እጄን በሳሙና ታጠብኩ።

በ11ኛው ቀን ጠዋት ሁለቱ ላይ አየሁት። የታሸው ቅጠል አረንጓዴ ነው፤ ከበላዩ ያሉት ሁለት የደረሱ ቅጠሎችም እንደዚያው። ገና በመፈታት ላይ የነበረው የአናቱ ለጋ ግን ጥቁር አረንጓዴና ፈዛዛ ቢጫ ሆኖ ተዥጎርጉሯል፤ ጠርዙም ወደ ውስጥ ተጠቅልሏል። የጤነኛ ጭማቂ የተቀቡት ሦስቱም ምንም አልሆኑም። የቫይረሱን ስም ለመናገር የላቦራቶሪ ምርመራ ያስፈልጋል፤ ጥያቄዬ ግን መንገዱ ነበርና መንገዱን አየሁ።

ጄፍሪ ሳሙኤል የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1934 ይህንኑ በጥልቀት አሳይቷል። የትንባሆ ሞዛይክ ቫይረስን አንድ የቲማቲም ቅጠል ላይ ቀብቶ፣ በየቀኑ ተክሎችን ቆራርጦ የት እንደደረሰ መረመረ። ቫይረሱ አስቀድሞ የተገኘው ከሥሩ፣ ቀጥሎም ከለጋው አናት ነው፤ የመካከለኞቹ ቅጠሎች ዘግይተው ተያዙ። የደረሰ ቅጠል ስኳር ይልካል፤ ሥርና ለጋ ቅጠል ይቀበላሉ። ቫይረሱ ስኳሩ በሚሄድበት ቧንቧ፣ በፍሎየም፣ አብሮ ይጓዛል። ላኪ ቅጠል ከዚያ ቧንቧ የሚቀበለው ነገር ስለሌለ ይታለፋል።

ቧንቧው ጋ እስኪደርስ ግን ከሕዋስ ሕዋስ መሻገር አለበት። በሕዋሶች መካከል ፕላዝሞዴስማታ የሚባሉ ቀጫጭን ቀዳዳዎች አሉ፤ ለቫይረሱ ክር ይጠብባሉ። ስለዚህ ቀዳዳውን የሚያሰፋና ክሩን የሚያሻግር የራሱ አጓጓዥ ፕሮቲን ያሠራል። እጅግ ደስ ያሰኘኝ ነገር ይህ ነው፤ ይህ ቫይረስ ከጎረቤት ጎረቤት ለመሻገር የሽፋን ፕሮቲኑ አያስፈልገውም፤ በቧንቧው ለረጅሙ ጉዞ ግን ያስፈልገዋል። ቤት ለቤት ነጠላም ሳይደርብ፣ ለሩቅ አገር ጋቢ ለብሶ እንደሚወጣ ሰው።

ለእማማ ይህን ሁሉ ስነግራቸው «እንግዲያውስ የሚበላው ወዳለበት ነው የሚሄደው» አሉ። የታመሙትን ችግኞች ነቅለን አቃጠልናቸው፤ በዘር እንዳይተላለፍም ከታመመው የጓሮ ቲማቲማቸው ዘር እንዳያስቀሩ ነገርኳቸው።

የሚቀጥለው ሙከራዬ ሁለት ቅርንጫፍ ባለው ቲማቲም ላይ ነው። ከአንዱ ቅርንጫፍ የደረሱትን ቅጠሎች ሁሉ በንጹሕ ምላጭ ቆርጬ ለጋውን ብቻ እተዋለሁ፤ ያ ቅርንጫፍ የሌላውን ስኳር መጠበቅ ግድ ይሆንበታል። ጭማቂውን የምቀባው ሌላኛው ቅርንጫፍ ላይ ነው። በአጠገቡ ምንም ያልተቆረጠበት ባለ ሁለት ቅርንጫፍ ተክል ለማነጻጸሪያ ይቆማል። የተራቆተው ቅርንጫፍ ቀድሞ ይዥጎረጎራል ብዬ እጠብቃለሁ። ችግኞቹ ዛሬ አራት አራት ቅጠል አውጥተዋል።