የበረንዳው ማሞቂያና የሲሊንደሩ ሒሳብ

ታላቅ እህቴ ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ በሚወስደው መንገድ ዳር አነስተኛ ምግብ ቤት አላት፤ እኔም ማታ ማታ ከሥራ መልስ የወጪና የገቢ መዝገቧን እይዝላታለሁ። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ የእግረኛውን መንገድ ካሰፋው ወዲህ ሰው ውጭ መቀመጥ ስለወደደ፣ እርሷም በረንዳው ላይ ስድስት ጠረጴዛ ዘረጋች። ይሁን እንጂ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናትና፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ብርዱ ፋታ አይሰጥም፤ ቀኑን በሸሚዝ የዋለ ሰው ከምሽቱ 2 ሰዓት ሲሆን ትከሻውን ሰብስቦ «ሒሳብ!» ይላል። እህቴ ጥቅምት ላይ ሁለት ጃንጥላ መሰል የጋዝ ማሞቂያዎችን የገዛችው ይህችን «ሒሳብ!» የምትል ቃል ለአንድ ሰዓት ያህል እንኳን ለማዘግየት ብላ ነበር።

ነገሩ ውድ መሆኑን መጀመሪያ የነገረን መዝገቡ ሳይሆን ጋዝ የሚያመላልስልን ልጅ ነው። ሲሊንደሩን ከትከሻው አውርዶ ላቡን እየጠረገ፣ «እትዬ፣ በሳምንት ሦስቴ እኮ ሆነ! በረንዳው ላይ እንጀራ ትጋግራላችሁ እንዴ?» አላት። ሁላችንም ሳቅን። በኋላ ቁጭ ብዬ ሳሰላው ግን ልጁ የቀለደው በቁም ነገር ላይ ኖሯል። ማሞቂያው ላይ በተለጠፈው ጽሑፍ መሠረት እስከ መጨረሻው ሲከፈት 13 ኪሎዋት ያህል ሙቀት ይሰጣል፤ ቤታችን ያለው የኤሌክትሪክ ምጣድ ደግሞ የሚወስደው 3.5 ኪሎዋት ገደማ ነው። እንግዲህ አንድ ጃንጥላ ለኮሰ ማለት ወደ አራት የሚጠጉ ምጣዶችን በአንድ ጊዜ ጥዶ ደጅ ላይ ማስቀመጥ ማለት ነው፤ ለዚያውም ማንም እንጀራ ሳይበላ።

አንድ ኪሎ የሲሊንደር ጋዝ ሲነድ የሚሰጠው ኃይል ከ13 ኪሎዋት ሰዓት ጥቂት ስለሚያንስ፣ አንድ ማሞቂያ በሰዓት አንድ ኪሎ ያህል ጋዝ ይበላል። የእኛ ሲሊንደር 12.5 ኪሎ ይይዛል። ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ሁለቱንም ስናበራቸው በአንድ ምሽት 6 ኪሎ ስለሚጠፋ፣ ሲሊንደሩ ሁለት ምሽት ብቻ ይቆያል። የብሩን ቁጥር እዚህ ያልጻፍኩት ሆን ብዬ ነው፤ ዛሬ የምጽፈው ዋጋ በሚቀጥለው ወር ለሚያነበው ሰው አይሆነውም። አንባቢ በሰፈሩ የሚሸጥበትን ዋጋ ለ12.5 ቢያካፍለው የአንድ ማሞቂያ የአንድ ሰዓት ወጪ እዚያው ይወጣለታል።

እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ ግን ወጪው በወንበር ሲቆጠር የሚሰጠው መልስ ነው። አንድ ጃንጥላ ቢበዛ ስድስት ሰው ቢያሞቅ፣ እያንዳንዱ ሰው በሰዓት ከ160 ግራም በላይ ጋዝ ይደርሰዋል። አንድ ማኪያቶ አዝዞ ሁለት ሰዓት የሚጨዋወት ደንበኛ (እንደዚህ ያለውን ደንበኛ እወደዋለሁ፤ እኔም ሌላ ቤት ስሄድ እንደዚሁ ነኝ) ከሩብ ኪሎ የበለጠ ጋዝ ነድዶለት ይነሣል፤ ይህም ከማኪያቶው ከምናገኘው ትርፍ ይበልጣል። ጥብስ የሚያዝዘው ብቻ ነው ሙቀቱን የሚከፍለው። ያም ሆኖ ሙቀቱ ራሱ በትክክል የሚደርሰው ለማን እንደሆነ ያጠራጥራል፤ ነፋስ ሲኖር አብዛኛው ወደ ሰማይ ይሄዳል። ዘወትር ጥግ ላይ የሚቀመጡ አንድ አዛውንት ደንበኛችን አስተናጋጇን ጠርተው፣ «ልጄ፣ ይኼ ጃንጥላችሁ መላጣዬን ጠበሰው እንጂ እግሬንስ አላወቀውም» ያሏት ስለማሞቂያው ከሰማሁት ሁሉ ትክክለኛው አስተያየት ነው።

ዋጋው ለምን እንዲህ እንደሆነ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በሲሊንደር የሚሸጠው ጋዝ ፕሮፔንና ቡቴን የተባሉ ሁለት ጋዞች ቅልቅል ሲሆን ከውጭ በዶላር ተገዝቶ የሚገባ ነው፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ገበያው ለቀቅ ከተደረገ በኋላ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሲሆን፣ የጋዙ ዋጋም አብሮት ወጣ። እህቴ በበኩሏ መስከረም 2018 የካሉብ ጋዝ ማምረቻ ሲመረቅ በቴሌቪዥን አይታ፣ «እንግዲህ የራሳችን ጋዝ ወጣ፤ ይረክሳል» ብላ ተስፋ አድርጋ ነበር። ተስፋዋን ባላጨልምባት ደስ ባለኝ፤ ግን ከካሉብ የሚወጣው የተፈጥሮ ጋዝ በአብዛኛው ሚቴን ነው፤ ፈሳሽ የሚሆነውም ከዜሮ በታች 162 ዲግሪ ያህል ሲቀዘቅዝ በመሆኑ በእኛ ሲሊንደር የሚሞላ ነገር አይደለም።

ያልጠበቅኩት ኪሳራ ደግሞ ሌላ ቦታ ተገኘ። ታኅሣሥ ውስጥ በአንድ ምሽት ገና 3 ሰዓት ሳይሞላ የአንዱ ማሞቂያ እሳት እየደከመ ሄዶ ጠፋ፤ አስተናጋጁም «አለቀ» ብሎ ሲሊንደሩን ፈታው። ስነካው እንደ በረዶ ይቀዘቅዛል፤ ከወገቡ በታች ጤዛ አውጥቷል። በማግስቱ ከመመለሱ በፊት ወጥ ቤት ባለው የሽንኩርት ሚዛን ላይ አቆምኩት። አንገቱ ላይ የተቀረጸው ባዶ ክብደት 14.2 ኪሎ ሲሆን ሚዛኑ ያሳየው 16.4 ነበር። 2.2 ኪሎ ጋዝ ውስጡ እያለ ባዶ ነው ብለን ልንመልሰው ነበር ማለት ነው! ከዚያ በፊት ስንቱን እንዲሁ እንደመለስን ማሰብ አልፈለግኩም፤ ሻጩ ለተረፈው ጋዝ ገንዘብ እንደማይመልስ የታወቀ ነው።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ጋዙ ሲሊንደሩ ውስጥ በግፊት ፈሳሽ ሆኖ ይቀመጥና ስንከፍተው እየፈላ ይወጣል፤ ለመፍላት የሚያስፈልገውን ሙቀት ደግሞ ከብረቱና በዙሪያው ካለው አየር ይወስዳል። ማሞቂያው በሰዓት አንድ ኪሎ ሲስብበት፣ የውጩም አየር ቀዝቃዛ ሲሆን፣ ፈሳሹ ከሚሞቅበት ይልቅ የሚቀዘቅዝበት ፍጥነት ይበልጣል። ከቅልቅሉ ውስጥ ቶሎ የሚተንነው ፕሮፔን ቀድሞ ይወጣል፤ በባሕር ጠለል ከዜሮ ዲግሪ ጥቂት ዝቅ ብሎ የሚፈላው ቡቴን እየበዛ ይቀራል፤ ግፊቱ ይወርዳል፤ እሳቱም ይሞታል። ሲሊንደሩን በእሳት ወይም በፈላ ውኃ «ማነቃቃት» የሚመክሩ ሰዎች አጋጥመውኛል፤ ምክራቸው ለቀብር ወጪ ካልሆነ በቀር አይረባም። እኛ የዘየድነው መላ ቀላል ነው፦ በረንዳው ላይ የደከመውን ሲሊንደር ግቢው ውስጥ ወዳለው ጥብስ መጥበሻ እናዛውረዋለን። የመጥበሻው ምድጃ 4 ኪሎዋት ያህል ብቻ ስለሆነ በሰዓት የሚስበው 300 ግራም ገደማ ነው፤ በቀን ፀሐይም ብረቱ ስለሚሞቅ የቀረችው ጋዝ ሳትቸገር ትወጣለች። በተገጠመ ቁጥር መጋጠሚያውን በሳሙና ውኃ መፈተሽ ግን ግዴታ ነው፤ ይህ ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ቢያፈስ ወለል ለወለል ይተኛል እንጂ ሽቅብ በንኖ አይጠፋም።

ሚዛኑን ከለመድነው በኋላ ሲገቡም መመዘን ጀመርን። አንዱ «ሙሉ» ተብሎ የመጣው 1.7 ኪሎ ጎድሎ ተገኘ። ልጁ ደነገጠ፤ ጥፋቱ የእርሱ እንዳልሆነ ስለማውቅ አልተቆጣሁትም። ይዞት ተመለሰ፤ ሌላ አመጣ። ከዚያ ወዲህ ሳይጠየቅ ራሱ ሚዛኑ ላይ ያወጣዋል።

ሌላ አማራጭ አልፈለግንም አይደለም። መብራት ለተመሳሳይ ሙቀት ከጋዝ እጅግ ይረክሳል፤ 2 ኪሎዋት የሚወስድ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ግድግዳ ላይ ቢሰቀልና ቀጥታ ወደ ሰው ቢዞር ከጃንጥላው የተሻለ ሥራ ይሠራል። ችግሩ አንዱ ብቻውን 9 አምፔር ገደማ መውሰዱ ነው፤ የቡና ማሽኑና ምጣዱ በሚሠሩበት ሰዓት ሦስት ቢጨመርበት ቆጣሪያችን አይችለውም። ከሰሉን ለሸክላ ጥብስ ትተነዋል፤ በእርግጥ ሸክላው ጠረጴዛ ላይ ሲደርስ እጃቸውን የሚያሞቁበት ደንበኞች አሉ።

በመጨረሻ እህቴ ጥር ላይ ማሞቂያዎቹን ሸራ አልብሳ ጥግ አቆመቻቸው፤ የሚለኮሱት በረንዳው ለልደት ወይም ለምርቃት በሙሉ ሲያዝ ብቻ ነው፤ የጋዙም ዋጋ በሒሳቡ ውስጥ አስቀድሞ ይገባል። በምትኩ ከሽሮ ሜዳ አሥራ ሁለት ጋቢ ገዛች። አዛውንቱ ደንበኛችን አንዱን እግራቸው ላይ አንዱን ትከሻቸው ላይ አድርገው እስከ 4 ሰዓት ይቀመጣሉ። ከመዝገቡ የጋዝ ወጪ ከግማሽ በላይ ቀንሷል፤ ከሥሩ ደግሞ ከዚህ በፊት ያልነበረ አዲስ መስመር ከፍቻለሁ፦ «የጋቢ እጥበት»። ሰው ወጥ እንደዚህ የሚያንጠባጥብ መሆኑን እኔ በበኩሌ አላውቅም ነበር።