እማ ደመና ስታይ፦ ከጽሑፍ ሥልጠናው ስድስተኛ ሳምንት

ስድስተኛው ቅዳሜ አለፈ፤ ሁለት ቀሩ። «እንዴት እየሄደልህ ነው?» ላላችሁኝ፣ ይኸው። አጠር አድርጌ ልጽፍ ነበር ግን አልሆነም።

ለማያውቅ ሰው፦ እዚሁ ድሬዳዋ የስምንት ሳምንት የፈጠራ ጽሑፍ ሥልጠና ገብቻለሁ። 14 ሰዎች ነን። ቅዳሜ ጠዋት ከ2 እስከ 5 ሰዓት እንቀመጣለን፤ ከዚያ በኋላ ቬንትሌተሩ ቢዞርም ባይዞርም ማሰብ አይቻልም። ነርስ አለች፣ ባጃጅ የሚነዳ ልጅ አለ፣ ጡረታ የወጡ የምድር ባቡር ሠራተኛም አሉ። (እዚህ «አሉ» ብዬ ጻፍኩ እንጂ ክፍል ውስጥ ሁላችንም «አንተ» ነው የምንላቸው። ድሬ ነዋ።)

ስገባ ችግሬ አንድ ነበር። ሐሳብ አይመጣልኝም። ቀን ከዚራ ሰፈር የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሱቅ ውስጥ የሰው ማመልከቻ ስጽፍ እውላለሁ፣ ማታ የራሴን ደብተር እከፍታለሁ፣ ሁለት መስመር ጽፌ እሰርዛለሁ። ስሜቱ ሲመጣ ይመጣል እያልኩ ሁለት ዓመት ጠበቅሁት።

የመጀመሪያው ቀን አሠልጣኛችን ሰሌዳው ላይ አራት ቃላት ጻፈ። ፍቅር፣ ሙቀት፣ በረሃ፣ ባቡር። «በነዚህ ሳትጠቀሙ ስለ ድሬ አንድ ገጽ ጻፉ» አለ። ክፍሉ ጸጥ አለ። ስለ ከተማችን የምናውቀው በሙሉ «የበረሃዋ ንግሥት፣ የፍቅር ከተማ» ከሚለው አያልፍም ነበር እንዴ? እኔ ገጹን አልሞላሁም። ነርሷ ግን ቀትር ላይ ሱቆች ሲዘጉ የቆርቆሮ በሮቹ ተራ በተራ የሚያሰሙትን ድምፅ ጻፈች፤ ከሌሊት ተረኛነት ወጥታ ለመተኛት የምትሞክርበት ሰዓት ነው። ያ ድምፅ ሱቄ በር ላይ በየቀኑ አለ። ሰምቼው አላውቅም።

ሁለተኛው ሳምንት ስለ ልብ ወለድ ታሪክ አወራን። የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ የታተመው በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ነው። ጸሐፊው አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ኋላ ላይ እዚህ ድሬዳዋ ነጋድራስ ሆኖ ሠርቷል፤ የንግድና የጉምሩክ ሹም ማለት ነው። ይህን ስሰማ ልቤ ሞቅ አለ። ልብ ወለድ አዲስ አበባ ብቻ የሚኖር ነገር ይመስለኝ ነበር።

ሦስተኛው ሳምንት የድሬ ለገሃር፣ ባቡር ጣቢያው ሄድን። ጡረተኛው «ሹፌር የሚለው ቃል በፈረንሳይኛ አሞቂ፣ እሳት የሚያነድ ማለት ነው» አሉን። በእንፋሎት ዘመን ምድጃውን የሚመግበው ሰው ነበር። ባጃጅ ነጂው ጓደኛችን ቃሉን ሁለት ሦስቴ ለብቻው ደገመው። ለገሃርም፣ ፉርጎም ከዚያው ከፈረንሳይኛ የመጡ ናቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ደብተሬ መጨረሻ ላይ የቃላት ገጽ ከፍቻለሁ።

አራተኛው ሳምንት ላይ ግን ወደቅሁ።

ስለ ደጫቱ ጎርፍ ነበር የጻፍኩት። ሐምሌ 29 ለ30 ሌሊት፣ 1998። ከ200 በላይ ሰው የሞተበት። ያኔ የስድስት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ቤታችን ወንዙ ዳር ነበር። ደጫቱን የምታውቁ ታውቃላችሁ፣ አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ነው፣ ሰው በእግሩ ይሻገረዋል፣ ልጅ ኳስ ይጫወትበታል። ጎርፉ የሚመጣው ከላይ፣ ከሐረርጌ ደጋ ከሚዘንበው ዝናብ ነው። ድሬ ላይ ጠብ ሳይል ሊሞላ ይችላል። ይህን ሁሉ ጻፍኩት፤ «ሰማይ አለቀሰ»፣ «ምድር ተናወጠች» አልኩ፣ ስድስት ገጽ ሞላሁ። አንብቤ ስጨርስ ማንም ምንም አላለም። ከዚያ ነርሷ «ልጁ ጎረቤቱን እርስዎ ይላታል። የትኛው የድሬ ልጅ ነው ጎረቤቱን እርስዎ የሚለው?» አለች። እውነቷን ነበር። የጻፍኩት አማርኛ የሬዲዮ አማርኛ ነው። ሰፈራችን ውስጥ እንደዚያ የሚናገር ሰው የለም፤ አንድ ዓረፍተ ነገር በአማርኛ ይጀመርና በኦሮምኛ ወይም በሶማሊኛ ያልቃል፣ መሃል ላይ ደግሞ «ወላሂ» አለ።

አሠልጣኙ ግን ሌላ ነገር ነው የጠየቀኝ። «ጎርፉን ተወው። እናትህ ዛሬ ደመና ስታይ ምን ታደርጋለች?»

መልሱን ወዲያው አወቅሁት፤ አንድም ቀን ልጽፈው አስቤ ግን አላውቅም።

አሁን የምንኖረው ሳቢያን ነው፣ ከደጫቱ ርቀን። እማ በደንገጎ በኩል ሰማዩ ከጠቆረ ዕቃ ከመሬት ታነሳለች። የምትሠራውን ታቆማለች፣ እጇን ቀሚሷ ላይ ታብሳለች፣ አንዴ በበሩ ወደ ተራራው ታያለች። ከዚያ የዱቄቱን ከረጢት ታቅፋ አልጋው ላይ ታስቀምጣለች። ጫማዎቻችንን በማሰሪያቸው አያይዛ ምስማር ላይ ትሰቅላለች። የሊጡን ባልዲ ጠረጴዛ ላይ። ሬዲዮውን ቁም ሣጥን ላይ። ምንም አትናገርም። ደመናው ሲበተን ሁሉንም ወደ ቦታው ትመልሰዋለች፣ አልጋው ላይ የቀረውን ዱቄት በመዳፏ ትጠርጋለች። ስንት ዓመት ሙሉ «እማ፣ አልጋው ዱቄት ሆነ» እያልኩ ስነጫነጭ ኖሬያለሁ።

አምስተኛው ሳምንት ላይ ይህንኑ ጻፍኩ። ሁለት ገጽ ብቻ ወጣው። ጎርፍ የሚለው ቃል አንዴም አልገባበትም። አንብቤ ስጨርስ ጡረተኛው መነጽራቸውን አውልቀው ብዙ ቆዩ፤ ከዚያ «የእኔም ሚስት እንዲሁ ነበረች» አሉ። ክፍሉ ውስጥ ሰው ሁሉ የየቤቱን ማውራት ጀመረ፣ 5 ሰዓት አልፎ ስድስት ሊሆን።

እስካሁን የገባኝ ይህ ነው፦ ሐሳብ ጠፍቶብኝ አልነበረም። ትልቅ ነገር ስፈልግ ነው ሁለት ዓመት የሄደው። አሁን ማታ ማታ ደብተሩን ስከፍት «ምን ልጻፍ?» አልልም፤ «ዛሬ ማን፣ በእጁ ምን ሲያደርግ አየሁ?» ብዬ ነው የምጀምረው። ካለፉት 11 ምሽቶች በዘጠኙ አንድ ነገር አግኝቻለሁ። የደንበኞቼን ማመልከቻ ግን አልነካም፤ አምነውኝ ነው የሚነግሩኝ። ስለዚህ ጉዳይ ክፍል ውስጥ ተከራክረናል፣ እኔ ከዚህ አልነቃነቅም።

ስለ ቋንቋው ገና አልወሰንኩም። እማ በኦሮምኛ የምትለውን እንዳለ ልተወው ወይስ በአማርኛ ላድርገው? ለጊዜው እንዳለ ትቼዋለሁ፣ ከአካሄዱ እንዲገባ አድርጌ። የሞከራችሁ ካላችሁ እንዴት እንደተወጣችሁት ንገሩኝ።

ትናንት ማታ ለእማ አነበብኩላት። ቡና እየቆላች ነበር። ዝም ብላ ሰማችኝ፣ መቁያውንም ማወዛወዝ አላቆመችም። ስጨርስ «ተሳስተሃል» አለችኝ።

«ምኑን?»

«መጀመሪያ የማነሳው ዱቄቱን አይደለም። ክብሪቱን ነው። ያን ቀን ክብሪቱ ርሶብን መተያየት አቃተን። በስም ነው የጠራኋችሁ፣ አንድ በአንድ።»

ከዚያ በላይ አልተናገረችም። እኔም አልጠየቅኋት። ክብሪቱን አስገብቼ ሁለተኛውን ገጽ እንደ አዲስ ጀምሬዋለሁ፤ ለቅዳሜ ይደርሳል።