በሦስት መኪና ወደ ሳነቴ

ከጎባ ተነሥተን የባሌን ተራሮች ለማቋረጥ የወጣነው በሦስት መኪና ነበር፤ ሁለቱ ቱርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) ያላቸው የናፍጣ ፒክ አፖች ሲሆኑ፣ ሦስተኛው ቤንዚንን ከአየር በሚቀላቅል ካርቡሬተር የሚሠራ አሮጌ የቤንዚን ላንድክሩዘር ነው። ደካማውን ከፊት ማስቀደማችን የጉዞው ጥሩ ውሳኔ ሆነ፤ ፈጣኖቹ ቢቀድሙ ኖሮ ጉም በሸፈነው ሳነቴ አምባ ላይ ተጠፋፍተን እንቀር ነበር።

4,000 ሜትር አካባቢ ስንደርስ ላንድክሩዘሩ ጥቁር ጭስ ይተፋ ጀመር። አየሩ ሲሳሳ ካርቡሬተሩ የሚለቀው ቤንዚን ከሚገባው አየር ስለሚበልጥ ነዳጁ በሚገባ አይቃጠልም፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር ደግሞ በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህሉን ያጣል። 4,377 ሜትር ከፍታ ወዳለው ቱሉ ዲምቱ ጫፍ በአንደኛ ማርሽ እያቃሰተ ሲወጣ፣ ጅብራ በሚባሉት ረጃጅም የደጋ ተክሎች መካከል ቆሞ የነበረ አንድ ቀይ ቀበሮ እንኳ መንገዱን ለመልቀቅ አልተቻኰለም። የእኛም ሁኔታ ከሞተሩ አይሻልም ነበር፤ ጎማ ለማየት ጎንበስ ብዬ ቀና ስል ራሴን አዞረኝ።

የሚያስፈራው ግን መውጣቱ ሳይሆን ወደ ሐረና ደን የሚወስደው ቁልቁለት ነው። ከኋላ የነበረው ሾፌር ሞተሩ ፍጥነቱን እንዲይዝለት በከባድ ማርሽ መውረድ ትቶ ፍሬኑን ደጋግሞ ስለረገጠ፣ ከጎማው ዙሪያ የቃጠሎ ሽታ መጣ። ግማሽ ሰዓት ቆመን ውኃ ሳናፈስበት በራሱ እንዲበርድ ጠበቅን፤ የጋለ ብረት ላይ ቀዝቃዛ ውኃ ማፍሰስ ሊሰነጥቀው ይችላልና።