«ብዬ ነበር» ስል ደብተሬ ያዘኝ

ቤታችን ውስጥ «ብዬ ነበር» የምትለዋ ቃል የእኔ ናት። ጓደኛሞች ተጋብተው ሲፋቱ፣ ብዬ ነበር። ቡድናችን ሲሸነፍ፣ ብዬ ነበር። ድንገት ዝናብ ሲጥል ሳይቀር ብዬ ነበር። አንድ ቀን ባለቤቴን ሰለቻትና «ከዛሬ ጀምሮ አስቀድመህ ጻፈው። ያልጻፍከውን አልሰማህም» አለችኝ።

እልህ ያዘኝ። ደብተር አወጣሁ። ይሆናል ብዬ የማስበውን እጽፋለሁ፣ ከጎኑ ቀኑን፣ ከዚያ ምን ያህል እርግጠኛ እንደሆንኩ ከ100። ቁጥሯን የጨመረችው እሷ ናት። «ሳይሆን አይቀርም» ብሎ የጻፈ ሰው ቢሆንም ባይሆንም ማምለጫ አያጣም፤ 80 ብሎ የጻፈ ግን ተይዟል። (ይህን ስታስብ እኔን በደንብ ታውቀኛለች ማለት ነው።)

ለአምስት ወር ያህል ምንም አልተፈጠረም። ከዚያ የመሥሪያ ቤቱ ነገር መጣ።

የደንበኞችን መዝገብ ከአሮጌው ሲስተም ወደ አዲሱ ማዛወር ነበረብን። ሥራውን የሚመራው ከእኔ በዕድሜ የሚያንስ ልጅ ነው። ጎበዝ ነው፣ ትንሽ ይቸኩላል። በየክፍሉ ከፋፍሎ ከማዛወር ይልቅ ሁሉንም በአንድ ቅዳሜና እሁድ ለመጨረስ ወሰነ። ሰኞ ጠዋት ስንገባ አዲሱ አይሠራም፣ አሮጌው ተዘግቷል። ግማሹ ሠራተኛ ስልኩን ሲነካካ ዋለ።

ማክሰኞ ስብሰባ ተጠራ። ተራዬ ሲደርስ፣ ድምፄን ሳልጨምር፣ «ይሄ እኮ ለማንም ግልጽ ነበር። ሁሉንም በአንዴ አዛውራለሁ ማለት እብደት ነው» አልኩ። ሰው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። ልጁ እጁ ላይ ያለውን እስክርቢቶ ሲከፍትና ሲዘጋ አስታውሳለሁ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው ለእኔ ነበር፤ ግን ያን ሰዓት ውሻው እኔ መሆኔ አልታየኝም።

ማታ ደብተሩን ከፈትኩ። ለባለቤቴ ላሳያት፣ አንድ ነጥብ ላስቆጥር። ገጹን አገኘሁት። በእርሳስ፣ በራሴ የተንጋደደ ጽሕፈት፣ እንዲህ ይላል፦ «ዝውውሩ በአንድ ቅዳሜና እሁድ ያልቃል። 80።»

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ቀኑን አየሁ። ከሦስት ሳምንት በፊት ነው።

መሳሳቴ አይደለም የደነቀኝ። 80 ያለ ሰው ከአምስት አንዴ ሊስት እንደሚችል አምኗል። የደነቀኝ ጥርጣሬዬን ማስታወሴ ነው። ኮሪደሩ ላይ ከልጁ ጋር ቆመን ዕቅዱን ሲነግረኝ ሆዴ ፍርሃት ፍርሃት እንዳለው ቁልጭ ብሎ ይታየኛል። አሁንም ድረስ ይታየኛል። ያ ፍርሃት ግን አልነበረም። ሰኞ ተፈጥሮ ወደ ኋላ ሄዶ ነው የገባው።

ይህ ነገር ስም እንዳለው የማውቀው ከማነበው ነው፤ በእንግሊዝኛ «ሂንድሳይት ባያስ» ይሉታል፣ ነገሩ ከሆነ በኋላ «ድሮም አውቄው ነበር» ብሎ ማመን ማለት ነው። ባሩክ ፊሾፍ የሚባል የሥነ ልቦና ተመራማሪ አለ። ወጣት ተማሪ ሳለ፣ እነ ዳንኤል ካህነማንና አሞስ ትቨርስኪ የሰው ፍርድ በምን በምን አቋራጭ እንደሚሄድ በሚያጠኑበት በኢየሩሳሌሙ ዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1972 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ኒክሰን ወደ ቤጂንግና ወደ ሞስኮ ሊሄድ ሲል ፊሾፍና ሩት ቤይት ተማሪዎችን አስገመቱ። ኒክሰን የቻይናውን መሪ ማኦን ያገኘዋል? ጉብኝቱ ተሳክቷል ብሎ ያውጃል? ለእያንዳንዱ ከ100 ስንት ትሰጣላችሁ? ጉዞው ካለቀ በኋላ፣ አንዳንዶቹን ከሳምንታት፣ ሌሎቹን ከወራት በኋላ፣ «ያኔ የሰጣችሁትን ቁጥር አስታውሳችሁ ጻፉ» አሏቸው። ተማሪዎቹ ሆኗል ብለው ላመኑት ነገር ያኔ ከሰጡት ከፍ ያለ ቁጥር ጻፉ። መዋሸታቸው አልነበረም። እንደዚያ ነው ያስታወሱት።

ሌላው ጥናቱ ይበልጥ ያስቀኛል። እ.ኤ.አ. በ1814 እንግሊዞችና የኔፓል ጉርካዎች ስላደረጉት ጦርነት አጭር ጽሑፍ አስነበበ። ለአንዱ ቡድን እንግሊዞች አሸነፉ አለ፣ ለሌላው ጉርካዎች፣ ለሌሎቹ ደግሞ ማንም አላሸነፈም። እያንዳንዱ ቡድን የተነገረውን ውጤት «ከጽሑፉ ያስታውቃል» አለ። ውጤቱን እንዳልሰማችሁ ሆናችሁ መልሱ ሲባሉም ያው ነው። አእምሯችን የትናንቱን ፋይል ለይቶ አያስቀምጥም፤ አዲሱን አሮጌው ላይ ሴቭ ያደርገዋል።

እኔን ብቻ ቢያሞኘኝ ኖሮ ግድ የለም። ችግሩ ሌላ ሰው ላይ ስንፈርድበት ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣ አንድ ጥናት 112 የሰመመን ሐኪሞችን ስለ ሌሎች ሐኪሞች ሥራ አስፈረደ። ታሪኩ ያው፣ የተሰጠው ሕክምና ያው። ልዩነቱ አንድ ብቻ ነው፦ በአንደኛው ጉዳቱ ጊዜያዊ ነው፣ በሌላኛው ዘላቂ። ጉዳቱ ዘላቂ ነው ሲባል «ሕክምናው ተገቢ ነበር» የሚለው ፍርድ በ31 የመቶኛ ነጥብ ወረደ። የሙያው ሰዎች ናቸው እንግዲህ። እኔ ማክሰኞ ስብሰባ ላይ ያደረግሁት ከዚህ በምን ይለያል? ልጁ ቅዳሜ ጠዋት የሚያውቀውን ሳይሆን እኔ ሰኞ ያወቅኩትን ይዤ ነው የፈረድኩበት።

መድኃኒቱ ምን እንደሆነም ተሞክሯል። «ተጠንቀቁ፣ እንዲህ ያለ ስህተት አለ» ማለት እምብዛም አይረዳም። ትንሽ የሚሻለው ነገሩ በተቃራኒው ቢሆን ኖሮ በምን ምክንያት ሊሆን ይችል እንደነበር ማሰብ ነው። ያን ማታ ሞከርኩት። ዝውውሩ ተሳክቶ ቢሆን ስብሰባው ላይ ምን እል ነበር? መልሱ ሳላስበው መጣ፦ «ብልህ ውሳኔ ነው። ከፋፍለነው ቢሆን ሦስት ወር ስንንገላታ ነበር። እኔም ያልኩት ይሄንኑ ነው።» ዓረፍተ ነገሩ አንድም ቦታ አልተደናቀፈም። ከጥናቶቹ ሁሉ በላይ ያሳፈረኝ እሱ ነው።

ባለቤቴ ደብተሩን አየችው። ምንም አላለችም። «ብዬ ነበር» እንኳ አላለችም፤ ያ ደግሞ የባሰ ነው።

በማግስቱ ደብተሩን ይዤ ሄድኩ። ልጁ ጠረጴዛው ላይ አቀርቅሮ ነበር፣ ቀና ብሎም አላየኝም። ገጹን ከፍቼ ፊቱ አስቀመጥኩለት። «ትናንት ያልኩት ልክ አልነበረም። እኔም ይሳካል ብዬ ነበር የጻፍኩት» አልኩት። ይህን በስብሰባው ላይ በነበሩት ሁሉ ፊት ማለት ነበረብኝ፤ ያን በሚቀጥለው ሳምንት አደረግኩት፣ ድምፄም እንደ ማክሰኞው አልነበረም።

ቁጥሩን አየና ሳቀ። «80! እኔንም በለጥከኝ» አለ። ከዚያ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ፣ «እውነቱን ለመናገር እኔ እንኳ ውስጤ ሲጠረጥር ነበር» አለኝ።

«የት ጻፍከው?» አልኩት።

«አልጻፍኩትም። ግን ስጠረጥር ትዝ ይለኛል።»