አውሮፕላን ያለበት ቴምብር

ዛሬ የምንከባከባቸው የ88 ዓመት እናት ከአሮጌ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ አንዲት ትንሽ ደብተር አውጥተው አሳዩኝ። የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ የራሽን ደብተር ናት። ሽፋኑ ላይ የእሳቸው ስም አለ። ያኔ የ6 ዓመት ልጅ ነበሩ። ለካ ለሕፃንም የራሱ ደብተር ይሰጠው ነበር!

ዕቃ ሲገዛ የሚቀደዱትን ቴምብሮች አንድ በአንድ አየኋቸው። አውሮፕላን፣ ታንክ፣ መርከብ ተስሎባቸዋል። «አውሮፕላን ያለበት ጫማ መግዣ ነበር» አሉኝ። እሱ የለም፣ ተቀዷል። ታንኩና መርከቡ ግን እንዳሉ ናቸው።

ጦርነቱ እ.ኤ.አ. በ1945 ቢያልቅም ስኳር እስከ 1947 አጋማሽ ድረስ በራሽን ነበር። በ1946 የዋጋ ቁጥጥሩ ሲላላ ደግሞ የሥጋ ዋጋ ጣራ ነካ። እናታቸው ሥጋ ቤት ደርሰው ባዶ እጃቸውን ይመለሱ ነበር አሉ። ኮካ ኮላ ብቻ በ5 ሳንቲሙ ንቅንቅ አላለም።

እኔ አሜሪካ ሲባል የሚታየኝ ሁሌም ሙሉ መደርደሪያ ነበር። የስኳር ወረፋ የእናቴና የቀበሌ ሱቃችን ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ደብተሯን ሊመልሷት ሲሉ የተቀደደውን ቦታ በጣታቸው ዳበስ አደረጉት። «ቡናማ ጫማ ነበር» አሉኝ።