የኪሱ ክዳን

ያቺን የመኪና ኪስ ክዳን የጣልኳት እኔ ነኝ። አለቃዬ ሰብስቦን «ማን ጣላት?» ሲል ትንሽ ዝም ብያለሁ፤ አልክድም። ከዚያ ግን እጄን አወጣሁ።

የምሠራው አሜሪካ ውስጥ፣ አሮጌ መኪና በሚያድስ ጋራዥ ነው። ሙያዬ ባቲላሜራ። ስቀጠር ፒክአፕ ወደ ግቢያችን የሚገባው ከስንት አንዴ ነበር። አለቃዬም ፊቱን አጨማዶ ነው የሚቀበለው። «የእርሻ ዕቃ ነው፤ ማደሻው ከመኪናው ይበልጣል» ይል ነበር። ያኔ እውነቱን ነበር። ዛሬ ግቢው ውስጥ ከቆሙት ግማሹ ፒክአፕ ነው። ያው አለቃዬ አሁን ፒክአፕ ሲመጣ በሩ ድረስ ወጥቶ ይቀበላል።

ምን ተፈጠረ ብትሉ ብዙ ሰው «ናፍቆት ነው» ይላችኋል። ናፍቆቱስ አለ። የአባቱ ፒክአፕ ላይ ተንጠልጥሎ ያደገ ልጅ ዛሬ ስልሳ ሞልቶታል፤ የቤቱን ዕዳ ጨርሷል፤ እጁ ላይ ገንዘብ አለ። እኔ ግን በእጄ የዳሰስኩት ምክንያት ሌላ ነው፦ ዝገት። የስፖርት መኪና የገዛ ሰው ሸፍኖ ያኖራታል። ፒክአፕ ላይ ግን ድንጋይ፣ አሸዋ፣ ፍግ ይጫናል። አጥንቱ እስኪወጣ ይሠራና ከጎተራ ጀርባ ይጣላል። በሰሜኑ በኩል ደግሞ ክረምት ላይ በረዶውን ለማቅለጥ መንገዱ ላይ ጨው ይበተናል። ጨው የካቢኑን የታች ጥግ፣ ወለሉን፣ የበሩን ሥር ቀስ እያለ ይበላዋል። ከአሪዞና በረሃ የመጣ ደረቅ ካቢን ያገኘን ቀን ለእኛ ሠርግ ነው። ስለዚህ እንደ አሸዋ በዝተው የተመረቱ መኪኖች ናቸው፤ ጤነኛ ሆኖ የቀረው ግን ጥቂት ነው።

ፎርድ የመጀመሪያውን የፋብሪካ ፒክአፑን በ1925 የሸጠው በ281 ዶላር ነበር (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። እኛ አንድ በር ለመቀባት ከዚያ በላይ እናስከፍላለን።

ወደ ጉዳዬ ልመለስ። መኪናዋ የ1972 ሸቭሮሌት ሲ-10 ናት። ሼየን ሱፐር የሚባለው የቅንጦት ደረጃ፣ 350 ቪ8 (ባለ ስምንት ሲሊንደር) ሞተር፣ አጭር ካሶኒ። «አጭር» የምትለዋን ቃል ያዙልኝ፤ የታሪኩ ጠብ ሁሉ እሷ ላይ ነው።

በዚያ ዘመን ካሶኒው በሁለት ርዝመት ይመጣ ነበር። አንዱ ስድስት ጫማ ተኩል ገደማ፣ ሌላው ስምንት ጫማ። ገበሬውና አናጢው የሚገዛው ባለ ስምንቱን ነው። እዚህ አገር የኮምፔንሳቶ ጣውላ አራት በስምንት ጫማ ስለሆነ ረጅሙ ካሶኒ ላይ ዘርግተህ ጭነህ፣ የኋላውን ዘግተህ ትሄዳለህ። አጭሩን የሚገዛው ለመልኩ የሚጨነቅ ሰው ነበር። ዛሬ ነገሩ ተገልብጧል። ሰብሳቢ ጣውላ አይጭንም። የሚፈልገው ቅርጹን ነው፤ አጭሩ ደግሞ ቁጥብ ያለ፣ ዓይን የሚስብ ነው። ሁለት እህትማማች መኪኖች አጠገብ ለአጠገብ ብታቆም፣ አጭሯ ከረጅሟ በዋጋ በብዙ ትበልጣለች።

ይህን ያየ ብልጥ መቁረጥ ጀመረ። የረጅሟ የፊትና የኋላ እግር ርቀት 127 ኢንች ነው፤ የአጭሯ 115። ከሻንሲው ላይ 12 ኢንች ቆርጠህ ታወጣለህ፣ ትበይዳለህ፣ አጭር ካሶኒ ታስቀምጣለህ። በቃ፣ አጭር ሆነች። ሥራው በራሱ ነውር የለበትም፤ እኛም ለደንበኛ ቆርጠን እናውቃለን። ነውሩ ቆርጦ «ከፋብሪካ እንዲህ ነው የወጣችው» ማለት ነው።

ይቺን የእኛዋን ያመጣት ሰው አባቱ ከአዲስ የገዛት እንደሆነች ነገረን። አባትየው ካረፉ በኋላ ዓመታት ቆማለች። ልጁ አሳድሶ ሊሸጣት ፈለገ። ዋጋው የት እንደደረሰ ሰምቷል። ማን ያልሰማ አለ? ሐራጁ በቴሌቪዥን ይታያል፤ ጎረቤቱ ሁሉ ገማች ሆኗል።

መፍታቱ የእኔ ድርሻ ነበር። አንድ ሳምንት ፈታሁ። ዳሽቦርዱ ጋ ስደርስ የኪሱ ክዳን አለች። ጓንት ማስቀመጫ የሚሉት፣ ሰው ወረቀቱንና መነጽሩን የሚወረውርበት ኪስ ማለቴ ነው። ክዳኗ ተጨፍልቃለች፣ መቆለፊያዋ ተሰብሯል። አዲሷ በካርቶን ታሽጋ ከመለዋወጫ ሻጩ መጥታለች። ለዚህ ሞዴል ያልተመረተ ነገር የለም እኮ። በሩም፣ ፓራፋንጎውም፣ ኮፈኑም፣ ወለሉም አዲስ ይገዛል። አሮጌዋን ቡሎኗን ፈትቼ አወጣኋት፤ ወደ ብረታ ብረት በርሜሉ ወረወርኳት። ውስጧ ላይ የተለጠፈ ነገር እንደነበረ ትዝ ይለኛል። የወየበ፣ ጥጉ የተላጠ፣ የዘይት ጣት ያረፈበት ወረቀት። አላነበብኩትም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ጋራዡ ደንብ አለው፤ ከመፍታትህ በፊት ፎቶ ታነሳለህ። አንስቻለሁ። ሁለት መቶ ምናምን ፎቶ። ዳሽቦርዱን ብቻ አስራ አንድ ጊዜ። በሁሉም ላይ ክዳኗ ዝግ ናት።

አራት ወር አለፈ። መኪናዋ አለቀች። ነጭና አረንጓዴ፣ ክሮሙ ፊት የሚያሳይ፣ ሻንሲዋ በአሸዋ ግፊት ጸድቶ በወፍራም ጥቁር ቀለም የተጋገረ። እውነት ለመናገር ቆንጆ ነበረች። ገዢ ተገኘ፣ ዋጋ ተቆረጠ፤ ግን ገዢው ሩቅ ስለሆነ በእሱ ፈንታ የሚያይ ባለሙያ ላከ።

ባለሙያው የሚያነሳው ኮፈኑን መስሎኝ ባትሪ የምታህል ፈገግታ ይዤ ቆሜያለሁ። ኮፈኑን አላየውም። በሩን ከፈተ፣ ጎንበስ አለ፣ ኪሱን ከፈተ። ዘጋው። ደግሞ ከፈተው።

«ወረቀቱስ?» አለ።

የቱ ወረቀት? አለቃዬ እኔን አየኝ። እኔ መሬት አየሁ።

ከ1967 እስከ 1972 ድረስ ፋብሪካው በእነዚህ ፒክአፖች የኪስ ክዳን ውስጥ የመለዋወጫ መለያ ወረቀት ይለጥፍ ነበር። የሻንሲው ቁጥር፣ የፊትና የኋላ እግር ርቀት፣ ቀለሙ፣ ፋብሪካ ላይ የተገጠመለት ተጨማሪ ነገር ሁሉ ተዘርዝሮ ይጻፍበታል። ሲለጠፍ ለክብር አልነበረም። መለዋወጫ የሚሸጠው ሰው የትኛውን ዕቃ ማዘዝ እንዳለበት እንዲያውቅ ብቻ ነው። ከሃምሳ ዓመት በኋላ ግን የመኪናዋ የልደት ካርድ ሆኗል።

«የሻንሲ ቁጥሩ አለ አይደል?» ትሉ ይሆናል። እኔም ያንን ነው ያልኩት። የ1972ቱ ቁጥር ሞተሩ ቪ8 መሆኑን፣ የጭነት ደረጃዋ ግማሽ ቶን መሆኑን፣ የት ፋብሪካ እንደተገጣጠመች ይናገራል። ስለ ካሶኒው ርዝመት ግን ትንፍሽ አይልም። ሼየን ትሁን ተራ፣ እሱንም አይልም። ሊብሬውም እንደዚያው። ሁለቱንም የሚናገረው ያ የወየበ ወረቀት ነበር።

ባለሙያው ከሥር ገባ። ባትሪ አብርቶ ሻንሲውን በጣቱ እየዳሰሰ ከካቢኑ ጀርባ እስከ ኋላ እግር ድረስ ሄደ። ብየዳ ፈለገ። የለም። ግን ያንን የሚያህል ቀለም ጋግረንበት የለም ማለት ምን ዋጋ አለው? ያኔ የገባኝ ነገር አሳቀኝም፣ አሳመመኝም። ሻንሲውን ዝገቱን እንደያዘ፣ የፋብሪካው ምልክት እየታየ ትተነው ቢሆን ኖሮ ራሱ ይመሰክር ነበር። እኛ ግን አሳምረን አፉን ዘግተነዋል።

«ባለቤቱ አባቴ ከአዲስ ነው የገዛት ብሏል» አለው አለቃዬ።

«ሁሉም ሻጭ እንደዚያ ነው የሚለው» አለ ሰውየው። ክፋት አልነበረበትም። ሥራው ነው።

ገዢው ከተስማማበት ላይ 11 ሺህ ዶላር ቀነሰ። ተቆርጣ ሊሆን ይችላል በሚል ሒሳብ ማለት ነው።

የዚያን ዕለት ማታ ነው ስብሰባው የተጠራው፣ እጄን ያወጣሁት። አለቃዬ አልጮኸም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። የብረታ ብረት በርሜሉ በየሐሙሱ ይወሰዳል። ክዳኗ ከሄደች አራት ወሯ ነው፤ እስካሁን ቀልጣ የማጠቢያ ማሽን ሆና ይሆናል።

ከመካከላችን አንዱ ልጅ ዘዴ አመጣ። ወረቀቱን አስመስለው የሚያትሙ አሉ፤ የመኪናዋን ዝርዝር ልከን እናሠራ፣ ትንሽ ሻይ ቀባ ቀባ አድርገን እናስረጀው አለ። ልዋሻችሁ አልፈልግም፣ ልቤ ዘለለ። ከጉድ የምወጣበት ቀዳዳ ነው። ዞር ብዬ ቀለም ቀቢያችንን አየሁ። የአገሬ ሰው ናቸው፤ ለዚህ ሙያ ያበቁኝ እሳቸው ናቸው።

«ጋሼ፣ ምን ይላሉ?» አልኳቸው በአማርኛ።

«ልጄ፣ ቀለም ስንቀባ አብረን ነው» አሉኝ ጭንብላቸውን አንገታቸው ላይ እያወረዱ። «ወረቀት የምትቀባ ከሆነ ግን ብቻህን ነህ።»

አለቃዬ ምን እንዳሉ ጠየቀኝ። ተረጎምኩለት። ራሱን ነቀነቀና በመኪናዋ ፋይል ላይ በእጁ ጻፈ፦ የመለያ ወረቀቱ እዚህ ጋራዥ ውስጥ፣ በእኛ ስህተት ጠፍቷል። ፈረመበት። ከዚያ ለባለቤቱ ደወለለት። እኔ አጠገቡ ቁሜ ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ የረዘመ ስልክ አላስታውስም።

ባለቤቱ ተቆጣ፤ መብቱ ነው። በሦስተኛው ቀን ግን ራሱ መጣ፣ ፖስታ ይዞ። እናቱ ቤት የድሮ ፎቶ ሲያገላብጥ አድሯል። አንዷ ላይ መኪናዋ ቤታቸው ደጃፍ በጎኗ ቆማለች። አባትየው ክንዳቸውን በመስኮቱ ጣል አድርገዋል። በነጩ ጠርዝ ላይ ያጠበው ቤት ወርና ዓመት አትሞበታል፤ ሐምሌ 73 ይላል። በካቢኑ ጀርባና በኋላ ጎማው መካከል ያለው ክፍተት ጠባብ ነው። አጭር ናት። በ1973 ደግሞ የአንድ ዓመት መኪና ቆርጦ የሚያሳጥር እብድ አልነበረም፤ ያኔ ሰው የሚመኘው ረጅሙን ነው።

ፎቶዋን ለባለሙያው ላክን። ሰሌዳዋን ከድሮ ወረቀት ጋር አመሳከረ፣ አንድ ቀን አሰበበት፣ ከዚያ የካሶኒውን ነገር ተቀበለ። ከተቀነሰው ከግማሽ በላይ ተመለሰ። ሁሉም አልተመለሰም። ፎቶ ሼየን ሱፐር መሆኗን፣ ማቀዝቀዣውና የዳሽቦርዱ መለኪያዎች ከፋብሪካ የመጡ መሆናቸውን አያሳይማ። ለቀረው አለቃዬ ከእኛ ክፍያ ላይ ቀነሰለት። ከደሞዜ አልቆረጠም። ለሁለት ወር ግን ቡሎን ከማጠብ በስተቀር መፍታት አልሰጠኝም።

አሁን እንደገና እፈታለሁ። የሚገርመው፣ ከዚያ ወዲህ የመጡት ደንበኞች ጥያቄ ተለውጧል። ድሮ «ምን ያህል ታበራለች?» ነበር። አሁን «ምን ያህሉ የራሷ ነው?» ይላሉ። አንዳንዱ የተላጠውን ቀለም እንኳ እንዳትነኩት ይላል። በሩ ላይ የድሮ ሱቅ ስም በእጅ ተጽፎ ከደበዘዘ፣ ያንን ደብዛዛ ጽሑፍ አዲስ ቀለም አይተካውም። ዋጋው የተነሳው የ1967 እስከ 1972ቱ ብቻም አይደለም። ከ1973 የጀመሩት፣ «ስኩዌር ቦዲ» የሚሏቸው ባለ ማዕዘን ሸቭሮሌቶችም እየተከተሉ ነው። ትናንት ለመለዋወጫ የምንበልታቸው ነበሩ። ስንት ነገር በርሜል ውስጥ እንደጨመርኩ ባላስብ ይሻለኛል።

ባለፈው ወር ሌላ የ1972 መጣች፤ ረጅም ካሶኒ፣ ተራ ደረጃ፣ ካቢኗ በዝገት የተበላ። መጀመሪያ የከፈትኩት ኪሱን ነው። ወረቀቱ አለ፤ ግማሹን አይጥ በልቶታል። መነጽሬን አድርጌ ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። ከታች በኩል፣ በትናንሽ ፊደል፣ ይህ ቋሚ መረጃ ስለሆነ ጠብቀህ ያዘው ይላል።