ምትን ማሳት ፍርሃት አይደለም

እኔ በማውቃቸው የድሬዳዋ የፍልሚያ ስፖርት ማሰልጠኛዎች አዲስ ሰልጣኝ መጀመሪያ የሚማረው መምታትንና መመከትን ነው፤ ምትን ማሳት ግን የፈሪ ሥራ እየመሰለ ወደ ኋላ ይገፋል። ይህ ልማድ መለወጥ አለበት ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱም በትክክል የተሠራ ማሳት ከተጋጣሚ መራቅ ሳይሆን፣ መልስ መስጠት በሚቻልበት ርቀት ላይ እየቆዩ ምቱን በባዶ ማሳለፍ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ይህን ግልጽ አድርጎ የሚያሳየው ቦክስ ነው። ቦክሰኛ ቀጥታ የተሰነዘረበትን ቡጢ ጭንቅላቱን ጥቂት ወደ ጎን አዘንብሎ ሲያሳልፈው፣ እጆቹ በመመከት ስላልተያዙ በዚያው ቅጽበት መምታት ይችላል፤ የሳተው ተጋጣሚ ደግሞ ሚዛኑ ወደ ፊት ስለሚያጋድል ጎኑ ለአፍታ ክፍት ይሆናል። መሐመድ አሊ እ.ኤ.አ. በ1974 ኪንሻሳ ላይ ጆርጅ ፎርማንን ሲገጥም፣ ገመዱን ተደግፎ ወደ ኋላ እየተለጠጠ አንዳንዱን ቡጢ አሳተ፣ ብዙውን በክንዱ ተቀበለ፤ በ8ኛው ዙርም የደከመውን ፎርማን በዝረራ አሸነፈ። ብዙ ሰው የሚያወራው ስለ መጨረሻው ቡጢ ቢሆንም፣ ለእኔ ትልቁ ትምህርት ፎርማን ከዚያ በፊት ያባከነው ጉልበት ነው። በድሬዳዋ ሙቀት የሰለጠነ ሰው፣ ባዶ አየር የመታ ቡጢ ዒላማውን ካገኘው ይልቅ እንደሚያደክም በትከሻው ያውቀዋል።

አይኪዶ በተባለው የጃፓን የፍልሚያ ጥበብ ማሳት ወደ ፊት ይሆናል፤ ተከላካዩ ወደ ኋላ በመሸሽ ፈንታ ከምቱ መስመር ወጥቶ ወደ አጥቂው ጎን ይገባል። ዋዶ ርዩ የተባለው የካራቴ ስልትም፣ መሥራቹ ሂሮኖሪ ኦትሱካ አስቀድሞ ጁጁትሱ የተባለውን የጃፓን የትግል ጥበብ የተማረ በመሆኑ፣ ኃይልን በኃይል ከመመከት ይልቅ ሰውነትን ማዞርን ያስቀድማል። ፍልሚያን ከጭፈራ ጋር ያዋሃደው የብራዚሉ ካፖይራ ከሁሉም የሚማርከኝ ነው፤ ተጫዋቹ ያለማቋረጥ እየተወዛወዘ ርግጫውን ዝቅ ብሎ ካሳለፈ በኋላ፣ ከዚያው ከዝቅታው የተጋጣሚውን እግር ሊጠርግ ይችላል።

የውድድር ሕግም የራሱ ድርሻ አለው። ጁዶ ተሳትፎ የማያሳየውን ተወዳዳሪ ይቀጣል፤ በቴኳንዶ ከመስመር መውጣትና ግጥሚያን መሸሽ ያስቀጣሉ። እነዚህ ሕጎች የሚከለክሉት መራቅን እንጂ ማሳትን አይደለም፤ አንዳንድ አሰልጣኞች ሁለቱን አንድ አድርገው ማስተማራቸው ያሳዝነኛል።

ለጀማሪዎች የምመክረው ልምምድ ቀላል ነው። አመሻሽ ላይ፣ ሙቀቱ በረድ ሲል፣ ሁለት ሰልጣኞች በክንድ ርቀት ፊት ለፊት ይቁሙ፤ አንዱ ቀስ ብሎ ይሰንዝር፣ ሌላው ከግማሽ እርምጃ በላይ ሳይንቀሳቀስና ዓይኑን ሳይጨፍን ያሳልፍ፤ እያንዳንዱን ምት ካሳለፈ በኋላም የተጋጣሚውን ትከሻ በእጁ ይንካ። ትከሻው ላይ መድረስ ካልቻለ ከሚገባው በላይ ርቋል ማለት ነው።